ገጹን ጥራ

ኢዮስያስ ድምፁ ያማረ ነው፤ ይህን ማንም አይክደውም። ከወሎ ሰፈር መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ባለ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት የሰፈር ቤተ መጻሕፍት አለች። እዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ለዓይነ ስውር ተማሪዎች ከሚያነቡት በጎ ፈቃደኞች መካከል እንደ እሱ የሚፈለግ አልነበረም። ሰምሃል ሁለት ዓመት ሙሉ ሕግ የተማረችው በእሱ ድምፅ ነው። በስድስት ዓመቷ ኩፍኝ ዓይኗን ካጠፋው ወዲህ ብዙ ሰው አንብቦላታል፤ የሚያዛጋ፣ ፊደል እየቆጠረ የሚያነብ፣ በየመሀሉ መቼ ነው የምታገቢው እያለ የሚያደርቃት። ኢዮስያስ ግን ሲያነብ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ይመስል ነበር።

ለዓይነ ስውር የሚያነብ ሰው አንድ ደንብ አለበት። አዲስ ገጽ በገለጠ ቁጥር፣ ከማንበቡ በፊት ገጹን ይጠራል። «ገጽ አርባ» ይላል፣ ያነባል። «ገጽ አርባ አንድ» ይላል፣ ያነባል። ሰሚው የት እንደ ደረሰ የሚያውቀው፣ ፈተና ሲደርስም የፈለገውን ቦታ የሚያገኘው በዚያ ነው። የቤተ መጻሕፍቷ ኃላፊ ጋሽ ላጲሶ አዲስ በጎ ፈቃደኛ ሲመጣ ስሙን ከጠየቁ በኋላ መጀመሪያ የሚነግሩት ይህንኑ ነው። ኢዮስያስ ደግሞ ደንቡን አንድም ቀን አጓድሎ አያውቅም። ሁልጊዜ ገጹን ይጠራ ነበር።

ቅዳሜ ብቻ አልበቃ ሲል እቤቱ ሆኖ በስልኩ ድምፁን እየቀዳ በቴሌግራም ይልክላት ጀመር። የውል ሕጉን መጽሐፍ፣ አራት መቶ አሥር ገጹን እንዳለ፣ በዚህ ዓይነት ጨረሰላት። ሰምሃል ሚኒባስ ውስጥ ሰማችው፣ ልብስ እያጠበች ሰማችው፣ ቃል በቃል እስክትይዘው ሰማችው። ነገሩ ግን አልያያዝ አላት። አንድ ሐሳብ ይጀመርና ሳይቋጭ ሌላ ይመጣል። «በሦስት ይከፈላሉ» ይላል መጽሐፉ፣ ሦስቱ የት እንደ ገቡ አይታወቅም። ሰምሃል ችግሩ ከመጽሐፉ ነው ብላ አላሰበችም፤ ከአንባቢው ነው ብላማ ጨርሶ። ችግሩ ከጭንቅላቴ ነው አለች። ሌሊት እየተነሣች ደግማ ደጋግማ ሰማችው፣ በገዛ ራሷ ተናደደች፣ አለቀሰችም።

ሰኔ ላይ የመውጫ ፈተናውን ተፈተነች። ማለፊያው ሃምሳ ነው፤ እሷ አርባ ስድስት አመጣች። እናቷ እጇን ይዘው «ይቅርብሽ ልጄ፣ ሕግ ድሮም ከባድ ነው» አሏት። ሰምሃልም ይህንኑ አምናበት ነበር።

ይህም አልበቃም። በሳምንቱ ኢዮስያስ ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ ለቀቀ። «ሰሚዬ ዘንድሮ አልተሳካላትም» ይላል በዚያ በሚያምር ድምፁ፣ ከኋላው ፒያኖ ነገር እየተንቆረቆረ። «ኦነስትሊ የምችለውን ሁሉ አድርጌያለሁ፤ ግን ሰው ሁሉ እኩል ካፓሲቲ የለውም። ቢሆንም ጊቭ አፕ አናደርግባትም።» የቪዲዮው ሥር በተመልካቾች ምርቃት ተጥለቀለቀ። እጅህ ይባረክ፣ እንዳንተ ያለውን ያብዛልን፣ እሷንም እግዜር ይርዳት። የስልኳ ማንበቢያ በዚያ ቆርቆሮ ድምፁ አንድ በአንድ አነበበላት፤ እሷም እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

ጥቅምት ላይ፣ በጥር ለሚደገመው ፈተና ልዘጋጅ ብላ ወደ ቤተ መጻሕፍቷ ተመለሰች። ኢዮስያስ ሥራ በዝቶበት ስለነበር ጋሽ ላጲሶ ሌላ አንባቢ ሰጧት። እትዬ ማዕዛ ይባላሉ፤ ሠላሳ ዓመት በጸሐፊነት አገልግለው ጡረታ የወጡ፣ አፋቸው ውስጥ ሁልጊዜ የሚንት ከረሜላ የማይጠፋ ሴት ናቸው። አነባበባቸው የቀንድ አውጣ ነው። ቅንፍ ሲከፈት «ቅንፍ ተከፈተ» ይላሉ፤ የግርጌ ማስታወሻ እንኳ አያልፋቸውም።

ሰምሃልን ከሁሉ ያስቸገራት ምዕራፍ ስድስት ነው፤ «ገጽ ሰማንያ ስምንት» አሉና ከዚያ ጀመሩ። አነበቡ፣ አነበቡ፤ ገጹ አላልቅ አለ። ሰምሃል መጀመሪያ ቀርፋፋነታቸው መሰላት። ቆይቶ ግን የማታውቀው ነገር ወደ ጆሮዋ ይገባ ጀመር። «በሦስት ይከፈላሉ» አሉ እትዬ ማዕዛ፤ ቀጥሎ አንደኛው መጣ፣ ሁለተኛው መጣ፣ ሦስተኛው መጣ።

«ይቆዩኝ እትዬ» አለቻቸው። ስልኳን አውጥታ የኢዮስያስን ገጽ ሰማንያ ስምንት ከፈተች። አርባ ሰከንድ ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ፣ ከዚያ የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች፣ ከዚያ «ገጽ ሰማንያ ዘጠኝ»። እትዬ ማዕዛ ጣታቸውን መጽሐፉ ላይ አድርገው እየተከተሉ ሰሙ። ከረሜላውን ቆረጠሙት።

«ኧረ ጉድ» አሉ ቀስ ብለው። «መሀሉን የት ጣለው ይኼ ልጅ?»

ያን ቀን እስከ ምዕራፍ ስድስት መጨረሻ አመሳከሩት። ሠላሳ ሁለቱም ገጽ እንደዚያው ነው። እቤቷ ስትገባ ሰምሃል ቅጂዎቹን በሙሉ እስከ ጭራቸው ሰማቻቸው። ድሮ «ምዕራፉ አለቀ» ሲል ታጠፋው ነበር። አሁን ሳታጠፋ ቆየች፣ የምዕራፍ ስድስቱ ቅጂ ከዚያ በኋላም መቅዳቱን እንዳላቆመ ያወቀችው ያኔ ነው። ወንበር ሲንቀሳቀስ ይሰማል፣ ብርጭቆ ይሰማል፣ ከዚያ ኢዮስያስ ከአንድ ሰው ጋር በስልክ ያወራል። «ጨረስኩ ባክህ። ሠላሳ ምናምን ገጽ በሃያ ደቂቃ። ቀላል ነው፣ ከላይና ከታች ትነካካና ገጹን ትጠራለህ። ምን ታውቃለች ብለህ ነው?» ይልና ይስቃል።

ሰምሃል አላለቀሰችም። እንዲያውም ከሰኔ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷ ቀለል አላት፤ ጭንቅላቷ ደህና ነበረ። ቀጥሎ ንዴቱ መጣ። ስንት ሌሊት ራሷን ደደብ ብላ እንደ ሰደበች አስታወሰች፤ ያን ሁሉ ስድብ አንድ በአንድ ለባለቤቱ ልመልስለት ብላ ቂሟን ቋጠረች። ለማንም ሳትናገር አንድ ወር ቆየች።

ኅዳር ላይ ራሱ ደወለላት።

«ሰሚዬ፣ የበጎ ፈቃደኞች ቀን ቅዳሜ እንደሆነ ሰምተሻል አይደል? የዓመቱ በጎ ፈቃደኛ ብለው እኔን መርጠውኛል። ስቴጅ ላይ ሁለት ደቂቃ ምስክርነት ብትሰጪልኝ? ውጭ አገር የማመለክተው ነገር አለ፤ ቪዲዮው በጣም ይጠቅመኛል።»

«ደስ ይለኛል» አለች። «ግን አንተም ማይክ ይዘህ አጠገቤ ትቆማለህ።»

«ኦፍ ኮርስ!»

ሐሙስ ዕለት ጋሽ ላጲሶ ቢሮ አስጠሯት። ሰምሃል ለቅዳሜ ያሰበችውን ያጫወተቻቸው እትዬ ማዕዛ ሆዳቸው አልችል ብሎ ሁሉንም ነግረዋቸው ኖሯል። ጋሽ ላጲሶ እንግዳውን ሁሉ «ጌታ ይባርክህ» ብለው የሚቀበሉ፣ መደርደሪያዎቹን ሳይቀር በገዛ እጃቸው የገጣጠሙ ሰው ናቸው። በሩን ዘጉ፤ ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ ወንበሩ ጮኸ።

«ልጄ፣ በድሎሻል። አልክድም» አሏት። «ግን ይች ቤት የቆመችው በበጎ ፈቃደኛ ነው። በሰው ፊት ካዋረድሽው ነገ ማን ደፍሮ ይመጣል? ለብቻው ጠርቼ ልገሥጸው። ሽልማቱንም ለሌላ እንስጠው።»

«እኔን ለብቻዬ ነው ያዋረደኝ ጋሼ? ቪዲዮውን አልሰሙትም?»

«ሰምቼዋለሁ።»

«በጥር ከእኔ ጋር የሚፈተነው ኪዱም በዚሁ ቅጂ ነው የሚያጠናው። እዚህ የሚነበብላቸው ሌሎቹ ሁለቱ ልጆችም እንደዚሁ። ለአራታችንም የላከልን አንድ ዓይነት ነው። እስኪ ኪዱን ምን ያህል ገባህ ብለው ይጠይቁት። ጭንቅላቴ እምቢ አለኝ ይልዎታል።»

ጋሽ ላጲሶ የፈረቃ መዝገባቸውን ሲገልጡና ሲዘጉ ተሰማ። ከታች ጋራዡ ውስጥ አንድ ሰው ብረት ይቀጠቅጣል።

«እኔ ምንም አላልኩም» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ደክሞ። «ምንም እንዳትነግሪኝም።»

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። የወረዳ ሰዎች መጥተዋል፣ የሰፈሩ ወላጆች መጥተዋል፣ ዳቦና ለስላሳ ተደርድሯል። ኪዱና ሁለቱ ልጆች ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ እትዬ ማዕዛ የሚንት ሽታቸው በስተቀኝ ነው። ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የኢዮስያስ ስም ተጠራ፤ ጭብጨባው መስኮቱን አርገፈገፈው። እሱ የሰምሃልን ክንድ ይዞ ወደ መድረኩ አወጣት። ሽቶ ተቀብቷል።

«ሁለት ደቂቃ ብቻ» አለ በጆሮዋ። «ከልብሽ የመጣውን ተናገሪ።»

«ኢዮስያስ መጽሐፍ አንብቦልኛል» ብላ ጀመረች ሰምሃል። «ባነበበልኝም ተፈትኜ ወድቄያለሁ። ለምን እንደ ወደቅሁ ከእኔ ይልቅ እሱ ቢነግራችሁ ይሻላል።» ስልኳን ወደ ማይኩ አስጠጋችና ነካችው።

ድምፁ አዳራሹን ሞላው። «ከላይና ከታች ትነካካና ገጹን ትጠራለህ። ምን ታውቃለች ብለህ ነው?» ከዚያ ሳቁ።

ከፊት ወንበር ኪዱ «እንዴ» ሲል ብቻ ተሰማ፣ እሱም በጣም ቀስ ብሎ።

«ይኼ… ኮንቴክስቱ…» አለ ኢዮስያስ። ያ የሬዲዮ ድምፁ የት እንደ ገባ እንጃ። «ሰሚ፣ እኔ እኮ… ይቅርታ። በጣም ይቅርታ።»

«ይቅርታህ ይቆየን» አለች ሰምሃል። ከቦርሳዋ መጽሐፉን አውጥታ ደረቱ ላይ ለጠፈችለት፤ ሳይወድ ተቀበላት። ምዕራፍ ስድስት ላይ ወረቀት ገብቶበታል። «ሠላሳ ሁለት ገጽ ነው። ገጹን ጥራ።»

«አሁን? እዚህ?»

«ገጹን ጥራ።»

«ጋሽ ላጲሶ፣ እባክዎ ማይኩን ያጥፉት» አለ ኢዮስያስ።

የጋሽ ላጲሶ እርምጃ ተሰማ። ሰምሃል አንገቷን አቀረቀረች፤ ማጥፊያው በስተግራ ግድግዳው ላይ እንደሆነ ታውቃለች። እርምጃው ግን ወደ ግድግዳው አልሄደም። መድረኩን ወጣ፤ አንድ ወንበር እየተጎተተ መጥቶ ከኢዮስያስ ኋላ ተቀመጠ።

«ቁጭ ብለህ አንብብ» አሉ ጋሽ ላጲሶ። «ረጅም ነው።»

ከፊት ወንበር የሦስት ስልኮች ማንበቢያ ተራ በተራ «መቅዳት ተጀምሯል» አለ። ሰምሃል የራሷንም ነካች፤ አራተኛው ተሰማ።

«ገጽ ሰማንያ ስምንት» አለ ኢዮስያስ።

መጀመሪያ ላይ እየተጣደፈ ነበር የሚያነበው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ልማዱ ሆኖ አንድ አንቀጽ ሊያልፍ ሲል እትዬ ማዕዛ በሌላ ተመሳሳይ መጽሐፍ ላይ ጣታቸውን እያስኬዱ ይከተሉት ኖሮ «ዘለልህ» አሉት። ተመለሰ። ከዚያ በኋላ አልደፈረም። እንግዶቹ አንድ ሁለት እያሉ መውጣት ጀመሩ፤ ወንበር ይንቋቋል፣ በር ይከፈታል፣ ይዘጋል። የወረዳ ሰዎቹ ለስላሳቸውን ሳይጨርሱ ሄዱ። ቪዲዮ የሚቀርጽለት ጓደኛውም ደረጃውን ሲወርድ ተሰማ። ኢዮስያስ በየመሀሉ ያቆምና ትንፋሹን ይሰበስባል፤ ሰምሃል ትጠብቀዋለች፣ ደግሞ ይቀጥላል።

ገጽ መቶ አራት ላይ ስለ ይርጋ የሚያወራው መጣ፤ ሰው መብቱን በጊዜው ካልጠየቀ እንዴት እንደሚያጣው። ከፈተናው ጥያቄዎች አምስቱ ከዚያው ገጽ ነበሩ። ሰምሃል እያንዳንዱን ጥያቄ ታስታውሳለች፤ አምስቱንም በግምት መልሳ አምስቱንም ስታለች። ከአምስቱ አራቱን ብታገኝ ኖሮ ታልፍ ነበር። ንዴቷ በረድ ይላል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ባሰበት። እንዲህ ቀላል ነገር ነበር የነፈጋት፣ ሦስት ደቂቃ የማይፈጅ።

«ድምፄ ጠፋ» አለ ኢዮስያስ ገጽ መቶ አሥራ አንድ ላይ። እውነቱን ነው፤ ጎርንኖ ነበር። እትዬ ማዕዛ ውሃ ሰጡት፣ ከረሜላም ጨመሩለት።

«ቀጥል» አለች ሰምሃል።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው «ምዕራፉ አለቀ» አለ። በአዳራሹ ውስጥ የቀሩት አራቱ ተማሪዎች፣ እትዬ ማዕዛና ጋሽ ላጲሶ ብቻ ናቸው። ኢዮስያስ መጽሐፉን ዘጋው።

«አሁን ይቅር አልሽኝ?»

ሰምሃል ስልኳን ነካች። «ቅጂው ተቀምጧል» አለ ስልኩ።

«የሽልማቱ ሰርተፊኬት የት አለ ጋሼ?» አለች። ጋሽ ላጲሶ አምጥተው እጇ ላይ አኖሩላት። ፍሬም ውስጥ ገብቷል፤ በጣቷ መስታወቱን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰችው። ያምራል። ብብቷ ሥር አደረገችው።

«ይኼ እኔ ጋ ይቆያል» አለችው። «መጽሐፉ ሲያልቅ ትወስደዋለህ። ምዕራፍ ሰባት አርባ ገጽ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል እንጀምራለን።»

በትሯን ዘርግታ መሬቱን ነካ ነካ እያደረገች ወደ ደረጃው አመራች። ከኋላዋ ጋሽ ላጲሶ የፈረቃ መዝገባቸውን ሲገልጡ ሰማች፤ «ቅዳሜ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ኢዮስያስ» እያሉ ጻፉት።