እጁ ሲወጣ

የሾፌሩ ሚስት አደባባዩን ያለፈችው ዓይኗን ጨፍና ነው።

«ወጣን?» አለች።

«ወጣን። አሁን ግለጪው።»

ሾፌሩ ደረቱን ነፋ። ልጃቸው ከተማ ገብታ መድኃኒት ቤት ከተቀጠረች ወዲህ ሊያዩዋት ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነው። «አባዬ፣ እባክህ መኪናዋን ከከተማው ጫፍ አቁማትና በታክሲ ኑ» ብላ በስልክ ለምናው ነበር። እሱ ግን አሻፈረኝ አለ። ደጇ ድረስ ነድቶ ሲመጣ በዓይኗ እንድታየው ፈልጓል።

«የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ነው እኮ» አለች ሚስቱ፣ የበሩን እጀታ ሙጭጭ አድርጋ እንደያዘች።

«መንገድ መንገድ ነው አንቺ ሴት!»

በአገሩ እህልና ሰው የምታመላልሰውን አሮጌ ፒካፑን የማያውቅ የለም። ጡሩምባ ነፍቶ ሰላም ሳይል ማንንም ስለማያልፍ «ደህና ዋላችሁ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለታል። ከጡሩምባው ይልቅ የምትታመነው ግን ግራ እጁ ናት። ሰው ሊሻገር ሲል ካየ በጠባቡ መንገድ መሀል ይቆምና በመስኮት አውጥቶ «ኑ፣ እለፉ» ይልባታል። እሱ ከቆመ መንገዱ ቆመ ማለት ነው፤ ከብቱም ሰውም ዘና ብሎ ያልፋል። ልጁም ትምህርት ቤት ስትሄድ በዚያች እጅ እየተሻገረች ነው ያደገችው።

ከአደባባዩ ወዲህ መንገዱ ሰፊ ነው፤ መኪናው ሁሉ ጎን ለጎን ሆኖ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጎርፋል። እሱ የቀኙን ዳር ይዞ ሲሄድ በግራ በኩል፣ ከማዶ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት አየ።

«ያቻት! ልጄ!»

ፍሬን ያዘ። ከደስታው ብዛት ሌላ ነገር አላሰበም። ግራ እጁን በመስኮት አወጣና፣ ነይ፣ እለፊ አላት። ልጁ ፊቷ በራ። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳታይ ወደ አስፋልቱ ወረደች።

አንድ አውቶቡስ ከኋላው መጥቶ ክንዱን ሊጨርፈው ምንም አልቀረውም። ነጩ ጋዋን ከዓይኑ ጠፋ። ፍሬን ሲጮህ ሰማ። ሚስቱ «ልጄን!» ብላ ስትጮህም ሰማ።

አውቶቡሱ አልፎ ሲቆም አስፋልቱ ላይ አንድ ጫማ ተጋድሞ ነበር። ከጫማው ወዲያ ልጁ በቂጧ ተቀምጣለች፤ አንዲት ሎተሪ አዟሪ የጋዋኗን ኮሌታ አንቃ ይዛታለች።

ሁሉም መኪና ቆመ። ልጁ ጫማዋን አንስታ በአንድ እግሯ እያነከሰች ወደ መስኮቱ መጣች።

«ምነው ልጄ» አለች እናትየው እያለቀሰች፣ «አንቺ እንኳ መንገዱን ታውቂው የለ?»

«በየቀኑ ነው የምሻገረው፤ እያየሁ ነው የምሻገረው» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «እጁን አየሁዋ፣ እማዬ።»

ሾፌሩ ልጁን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

«አባዬ፣ እጅህን አስገባ።»

እጁ እስካሁን ውጭ ነበር። ሊሰበስበው ቢሞክር አልታዘዝ አለው። ልጁ በሁለት እጇ ያዘችውና ቀስ ብላ ወደ ውስጥ አስገብታ መሪው ላይ አኖረችለት።

ከኋላ ጡሩምባው ይጮሃል። ሰላም የሚለው አንድም ሰው አልነበረም።