የታተመ ስፌት

ሰፈሩ እማማ ቡትቶ ይለኛል። አይከፋኝም፤ እውነት ነው። ለሥራዬ አዲስ ጨርቅ ቆርጬ አላውቅም። የምሰፋው ሰው ለብሶት፣ ላብ ጠጥቶ፣ ክርኑ ላይ ሳስቶ የተተወውን ነው። ሰው የሞተበት የሟቹን ሸሚዝ ይልክልኛል። ልጇ ያደገችባት የሕፃንነት ቀሚሷን ትልክልኛለች። እኔ ከዚያው ጨርቅ ሥዕል እሰፋለሁ፤ ዛፍ፣ ወፍ፣ በር ላይ የቆመች ፍየል። ንድፍ የሚባል የለኝም። ጨርቁን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ የት እንደተቀደደ፣ ምን እንደፈሰሰበት አያለሁ፤ ሥዕሉ ከዚያ ይመጣል። እድፉን አላጥብም። ሰውየው ያለው እድፉ ውስጥ ነው።

ሥራዬን አደባባይ ያወጣችልኝ የመጨረሻዋ ልጄ ናት። ሠላሳ ዓመት አልፏታል፤ እኛ ግን ዛሬም ሚጢጢ ነው የምንላት። ስልክ ላይ ባለ ገበያ ሱቅ ከፈተችልኝ። ገበያው የእጅ ሥራ ብቻ ነው የሚቀበለው፣ ማሽን የነካው አይገባም አለችኝ። "እንግዲያው ይሄ ገበያ ሰው ነው" አልኩ። ፊደል በገዛ ራሴ ቆጥሬአለሁ፤ ጋዜጣ አንብቤም የሚዋሸውን እለያለሁ። ይሄ ገበያ ግን የሚጽፈው በባዕድ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ሚጢጢ ታነባለች፣ እኔ እሰማለሁ። እሷ "እንዲህ ይላል" ካለች እንዲህ ይላል፤ አለቀ።

ሥራዬ ሲወደድ ጊዜ ገበያው "እጅሽን አሳዪን" አለ። ሚጢጢ ስልኳን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ስሰፋ ቀረጸችኝ። ሥዕሎቹንም ከላይ፣ ከጎን፣ ክሩ እስኪቆጠር ድረስ ከቅርብ አነሳቻቸው። እኔም እጄን ቅባት ተቀብቼ ቁጭ አልኩ። ፊቴንማ ማን ጠየቀ?

ከዚያ ጥርሴ አመመኝ።

ጥርስ ሐኪሙ ጋ ወረፋ መጠበቂያው ሶፋ ላይ አንድ ትራስ አየሁ። ቀይ ደረት ያለው አውራ ዶሮ አለበት። ጉንጬን እንደያዝኩ ቀረብ አልኩ። የኔው ዶሮ! አንዲት ሴት የሟች ባሏን ሸሚዝ ልካልኝ የሰፋሁላት ነው። ባሏ አስተማሪ ነበር፤ የደረት ኪሱ ውስጥ ቀይ እስክሪብቶ ፈስሶበታል። ያንን ኪስ ሳልነካው የዶሮውን ደረት አደረግሁት። ለጅራቱ ጨርቅ ስላልበቃኝ አንዱን ላባ አሳጥሬዋለሁ። ትራሱ ላይም አንዱ ላባ አጭር ነው።

ዳሰስኩት። ልሙጥ ነው። ክር የለ፣ ቋጠሮ የለ። ስፌቱ የታተመ ነው። የሰውየው እድፍ ሳይቀር የታተመ ነው።

"ልጄ፣" አልኳት ወረፋ የምትጠራውን፣ "ይሄን ትራስ ከየት አመጣችሁት?"

"ከስልክ ላይ ነዋ፣ እማማ። አያምርም? ሰማያዊም አረንጓዴም አለው። ኩባያ ላይም አለ።"

"የማን ሥራ ነው?"

"የማን ይሆናል? የፋብሪካ ነው።"

"ፋብሪካ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ዶሮ ማርባት የጀመረው?"

ከት ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ተራዬ ሲጠራ መንገድ ላይ ነበርኩ፤ ጥርሴም እንደነደደ።

ቤት ስገባ ሚጢጢ ሳህን ታጥባለች።

"የኔ ዶሮ ጥርስ ሐኪም ቤት ምን ይሠራል?"

"የምን ዶሮ?" አለች ሳትዞር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይሄ ነው። ከትንሽነቷ ጀምሮ ስትዋሽ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣል። ወጣ።

"ዙሪ።"

ዞረች። ተናገረች። ለካ ገበያው ሐሳቡን ለውጦ ኖሯል። ሰው መጠበቅ አይወድም፣ የእጅ ሥራ ይዘገያል፤ ከእንግዲህ የሥራችሁን ፎቶ ስጡንና በፈለግነው ዕቃ ላይ እናትማለን፤ ያልተስማማ ሱቁ ማንም ወደማያይበት ጥግ ይወርዳል ብሏል። መልእክቱ የመጣ ዕለት "ምን ይላል?" ብያት ነበር። "ሰላምታ ነው፣ እማዬ። ስለ ሥራሽ አመሰገኑሽ" አለችኝ። እኔ ሞኟ ደግሞ "እግዜር ያክብራቸው በያቸው!" አልኳት። ሌባውን መርቄ አስገባሁት።

"እሺ ብሎ የተስማማው ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"እምቢ ትያለሽ ብዬ።"

"እንዴታ! እምቢ እላለሁ እንጂ!"

"ታዲያ!" አለች እንባዋ እየወረደ። "እምቢ ብትዪ ማን ያይሽ ነበር? እዚህ ጥግ ተቀምጠሽ ዓይንሽን ስታጠፊ ማን ያውቅልሽ ነበር? ሰው እንዳይረሳሽ ብዬ ነው።"

"ትራሱ ላይ ስሜ የታለ?"

ወደ ሳህኗ ዞረች።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላሉ። ገበያው እጅሽን አሳዪን ብሎ እጄን ሰረቀ፤ ከዳኝ፣ ልክ ነው። ግን እሱ ነጋዴ ነው፤ ነጋዴ ትርፉ ወደጠራው ይሄዳል። በደንደሱ የጣለኝ ያጠባሁት ፈረስ ነው።

ለአስተማሪው ሚስት መንገር ቀረኝ። "አታውቅም እኮ፣ ለምን ታሳዝኛታለሽ?" አለች ሚጢጢ።

"እኔንም እንዲሁ ብለሽ ነው የደበቅሽኝ። ደውዪ።"

ደወለችና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። "እህቴ፣ የባለቤትሽን ሸሚዝ የሰፋሁልሽ ነኝ" ብዬ ያየሁትን አንድ ሳላስቀር ነገርኳት።

"ሰው ይቀመጥበታል ማለት ነው?" አለችኝ።

ይደገፉታል እንጂ አይቀመጡበትም ልላት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። "አዎ" አልኳት።

"እርስዎ ነዎት የሰጧቸው?"

ሚጢጢ ከጠረጴዛው ማዶ ታየኛለች። "አይደለሁም" ማለት እችል ነበር። እውነትም ነው። ግን ያፈራሁትን ልጅ ለማላውቃት ሴት አሳልፌ አልሰጥም።

"ከኔ ቤት ነው የወጣው" አልኩ።

"ሸሚዙን የላክሁት እኮ ለቤትዎ አልነበረም፤ እርስዎን አምኜ ነው" ብላ ዘጋችው። ስንት ሰው ሰድቦኛል፤ እንደዚህ ያለ ቃል ግን ሰምቼ አላውቅም። ስድብ ቢሆን መልስ አላጣም ነበር።

ሱቁን ያኔውኑ አዘጋሁት። ዶሮው ግን እዚያው ቀረ፤ አንዴ የተሰጠን የኛ ነው ብለዋል። አሁን የምሰፋው ጨርቁን በእጁ ይዞ ደጄ ለመጣ ብቻ ነው። ፎቶ የለም። ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው ደንበኛ ይልክልኛል። "ሟቾቹን ለአንቺ፣ ጫማቸውን ለኔ" ይላል፤ ቀልዱ እንደ ሚስማሩ ነው። ደንበኛ ቀንሷል፣ አልዋሽም። የመጣው ግን ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እድፉ የምን እንደሆነ ይነግረኛል፤ መናገሩ ሳይበቃው ሲቀር ያለቅሳል፤ ሰፍቼ የምሰጠውም በእጁ ነው። ሚጢጢም ክር ታስገባልኛለች። እንበላለን፣ እንነጋገራለን።

በቀደም ስልኳ ጮኸ። ገበያው ነው።

"ምን ይላል?"

"ተመለሱ ይላል። ለእጅ ሥራ ለብቻው ክፍል ከፍተናል ይላል።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለውም፣ እማዬ።"

ፊቷን አየሁት። ምንም የተደበቀ ነገር አይታይበትም። "እስቲ ወዲህ በይው" ብዬ ስልኩን ተቀበልኳትና ወጣሁ። መድኃኒት ቤት ያለው ሰውዬ ያንን ቋንቋ ያውቃል። "አንብብልኝ" አልኩት። አነበበልኝ። ሚጢጢ ያለችው ነው፤ ቃል አልጨመረችም፣ ቃል አልቀነሰችም።

ስመለስ በሩ ላይ ቆማለች።

"የት ሄደሽ ነው?"

"መድኃኒት ቤት።"

"አመመሽ እንዴ? ምን ገዛሽ?"

"ምንም" አልኩና ስልኳን ሰጠኋት።

ባዶ እጄን አየች፣ ስልኩን አየች። ልጄ ጅል አይደለችም፤ ገባት። አንገቷን ደፍታ መንገድ ለቀቀችልኝ። እኔም ይቅርታ አልጠየቅኋትም።