የጋስፓር ፉርጎ

የአጎቴ ልጅ ጋስፓር ሁለት ግዙፍ የእንጨት በርሜሎች የተጫኑበት አሮጌ የባቡር ፉርጎ ገዝቶ፣ በደቡብ ፈረንሳይ ቤዚዬ ከተማ ባለው የወይን ጠጅ መሸጫው ደጃፍ ላይ አቆመ። «የአያታችንን ንጹሕ የኮረብታ ወይን ፓሪስ ያደርስ የነበረው ይኸው ነው» እያለ ለጎብኚ ሁሉ ይደሰኩራል። ወይኑን ከኮምጣጤ የማይለይ ሰው!

የቆዩ ፉርጎዎችን የትመጣ ማጣራት የእኔ ሥራ ነው። ይህንንም እንዳጣራለት የለመነኝ ራሱ ነው፤ ሰው ጠርቶ በፊታቸው ሊኮራበት አስቧል።

እሑድ ረፋድ ላይ፣ እንግዶቹ ብርጭቆ እንደያዙ፣ በርሜሎቹ የተቀቡትን አረንጓዴ ቀለም ቀስ እያልኩ ፋቅሁት። የአያታችን ስም ብቅ ሲል ጋስፓር አጨበጨበ። ዝቅ ብዬ ስፍቅ ግን «የአልጄሪያ ወይን» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ጭብጨባው ቆመ። ያ ርካሽ ወይን በመርከብ እየገባ ስንቱን የአገራችንን ገበሬ ተክሉን አስነቅሎታል። አያታችን ደግሞ «ከዚህ አፈር ያልበቀለ ወይን አልሸጥም» እያለ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይምል ነበር።

ሽማግሌው ወይን ገበሬ ሙስዬ ፉልክራን መንኮራኩሩ ላይ እንትፍ አሉበት። «አባቴን ያከሰረው የእናንተው ሰው ነዋ!»

«ኦዲል፣ በናትሽ መልሰሽ ቀቢው» አለኝ ጋስፓር በሹክሹክታ።

«ራስህ ቀባው። መቀባባት ታውቅበት የለ?»

በማግስቱ ቀባው። ጎብኚዎች ዛሬም ፎቶ ይነሱበታል፣ እሱም ሳያፍር ያንኑ ይዘበዝባል። እኔ የቤተሰቡን ስም ከቤቴ በር ላይ አንስቼ የባሌን ጽፌበታለሁ።