ሌንሱ አልደረሰም

ምላጬ የምትሠራው መነጽር ቤት ነው። ዓይን መመርመር የእሷ ድርሻ አይደለም፤ እሱን ሐኪሙ ጨርሶ ወረቀቱን አስይዞ ይልክላታል። እሷ ሰውየውን ፊት ለፊቷ ታስቀምጣለች፣ አሮጌ መነጽሩን ታወልቅለታለች፣ ከዚያ ትንሿን ማስመሪያ አፍንጫው ላይ አጋድማ በሁለቱ የዓይን ብሌኖች መካከል ያለውን ርቀት ትለካለች። ለዚህ ሥራ ትንፋሽ ለትንፋሽ መቀመጥ ግድ ነው። «ዓይኔን ይዩ። የግራውን። አሁን የቀኙን» ትላለች። ቀኑን ሙሉ ስንቱ ወንድ ዓይን ዓይኗን ሲያያት ይውላል፤ ቤቷ ስትገባ ግን ቀና ብሎ የሚያያት የለም።

ምላጬ ያሏት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው፤ ምክንያቱን ለማወቅ አንድ ጊዜ አፏን ስትከፍት መስማት ይበቃል። ባሏ ሌላ ሴት ወዶ ዕቃውን ሊወስድ የመጣ ዕለት እንኳ ምላሷ አልከዳትም። «ልጅቷን ወደ እኔ ላካት፤ መነጽር በነጻ እሠራላታለሁ። ምን እንዳገባች በደንብ ትየው» አለችው። ሻንጣ የተሸከሙት ሰዎች ሳይቀሩ ሳቁ። በሩን ዘግታ ብቻዋን ስትቀር የሆነችውን የምታውቀው ታናሽ እህቷ ብቻ ናት።

ይህችው ታናሽ እህቷ ነች አሁን «እታለም፣ በቃሽ፣ ወደ ሰው ተመለሺ» እያለች መግቢያ መውጫ ያሳጣቻት። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ትልና ታሠለጥናታለች።

«መጀመሪያ ትከሻሽን ቀና አድርጊ። ከዚያ ዓይኑን እይው።»

«ዓይን ማየትማ እንጀራዬ ነው።»

«እንደ ሥራ አይደለም። ትንሽ ታይውና ዓይንሽን ሰበር ታደርጊያለሽ።»

«የሰበርኩትን ማን ሊጠግንልኝ?»

«ይኸው ምላስሽ። ሰውየው ሲቀልድ ሳቂለት እንጂ አትብለጪው።»

ምላጬ በዚህ ሥልጠና ታጥቃ ከአንድ የባንክ ሠራተኛ ጋር ሻይ ልትጠጣ ሄደች። ሰውየው እንከን አይወጣለትም፤ መነጽሩ ግን ወደ ግራ ተንጋዷል። ስለ አየሩ ሲያወራ ቻለችው፣ ስለ አለቃው ሲያወራም ቻለችው። ስለ እናቱ ሲጀምር እጇን ዘርግታ መነጽሩን ከፊቱ ላይ አነሣችው፤ ዘንጉን ጎበጥ ቀና አደረገች፣ በሶፍት ወልውላ መልሳ ሰካችለት፤ «አሁን ሰው መሰሉ» አለችው። ሰውየው «ስልክ ተደወለልኝ» ብሎ ተነሣ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ጭጭ ብሎ ተኝቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ አልወጣም ብላ ማለች።

ዳቦ ጋጋሪው የመጣው መነጽሩን ሊጥ በልቶበት ነው። ወደ ማቡኪያው ማሽን ጎንበስ ሲል ከአፍንጫው ተንሸራቶ ገባና ተፈጨ። በሩን ያገኘ መስሎት የማሳያውን መስተዋት እየገፋ ሲታገል አየችው።

«በሩ በስተቀኝ ነው» አለችው።

ገባ። ቅንድቡ ላይ ዱቄት ነበረበት። «አመሰግናለሁ። የቷ ነዎት ያናገሩኝ?»

«ከኮት መስቀያው አጠገብ ያለሁት። ቀጠን ያለው መስቀያው ነው፤ እኔ ሌላኛዋ ነኝ።»

ሰውየው ከሆዱ ሳቀ። ምላጬ ደነገጠች። ሰው ማሳቅ ብርቋ ሆኖ አይደለም፤ እንዲህ ማንንም ሳትቆርጥ ያሳቀችበትን ቀን ግን አታስታውስም።

አስቀመጠችው፤ ማስመሪያዋን አነሣች። «ዓይኔን ይዩ።»

«የት ጋ ነው?»

«ሁለት ጥቋቁር ነገሮች ይፈልጉ።»

«አንድ ትልቅ ደመና ነው የሚታየኝ። ደመናው ግን መልካም ድምፅ አለው።»

ያኔ ገባት። ይህ ሰው አያያትም። አፏ ዳር የተሰመረችውን መስመር አያይም፤ ቀለም መቀባት የሰለቻትን ሽበት፣ ከባሏ መሄድ ወዲህ ከበድ ያለውን የዓይኗን ቆብ አያይም። ትከሻዋ ማንም ሳያዛት ቀና አለ። እህቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ልታስተምራት ስትደክም የኖረችው ሁሉ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ መጣላት።

«ቅንድብዎ ላይ ያለው ዱቄት ነው? ሽበት መስሎኝ ላዝንልዎ ነበር።»

«ሽበቱ ከሥሩ አለ፤ ሐዘኑን ያቆዩልኝ።»

ሌንሱ እስኪቆረጥ ጥቂት ቀን እንደሚወስድ ነገረችው። በማግሥቱ ግን «በዚህ ሳልፍ ነው» ብሎ መጣ፤ ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ ይዟል። ከዚያ ወዲያ ከምድጃው ሥራ ሲወጣ ጎራ ማለት ልማዱ ሆነ። «እርስዎ» መባባሉም ሳያውቁት ቀረ። አንድ ቀን ስለ ሚስቱ አጫወታት።

«የተለያየነው በሌላ ሰው አይደለም፤ በገንዘብም አይደለም» አላት። «ትንንሽ ነገር ትደብቀኝ ነበር። ለምን ስላት እንዳይከፋህ ብዬ ነው ትለኛለች። በኋላ በኋላ ዝናብ ዘነበ ብትለኝ እንኳ በመስኮት አይቼ ማረጋገጥ ሆነ ሥራዬ። ደከመኝ።»

«እኔ እንኳ የመደበቅ ችግር የለብኝም። የእኔ በሽታ መናገር ነው» አለች ምላጬ። ይህን ስትል ግን ሌንሱ ተቆርጦ፣ ፍሬሙ ላይ ገብቶ፣ ተወልውሎ መሳቢያዋ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ የሚሠሩት ሌንስ ቆራጩ ሽማግሌ ጠዋት በእጃቸው ነበር የሰጧት። መሳቢያውን ስትከፍትና ስትዘጋ አረፈደች፤ ሰውየው ሲመጣ ከአፏ የወጣው «አልደረሰም» የሚል ነበር።

ለአንድ ቀን ብቻ ነው ብላ ነበር። በማግሥቱም «አልደረሰም» አለችው።

እሱ ደግሞ የባሰውን ነገር አመጣ። «እሁድ ከሰዓት ሥራ የለኝም። መነጽሬ ሲደርስ ወጣ እንበል» አላት። «ፊትሽን አይቼ ነው የምጋብዝሽ። በድምፅ ብቻ ከሆነማ ሬዲዮ እንደመጋበዝ ነው።»

ሳቀች። ያን ማታ ግን ለእህቷ ደወለች።

«ታዲያ ተሳካልሽ አይደል እንዴ፣ እታለም? ምን ያስለቅስሻል?»

«የተሳካልኝ እስኪያየኝ ነው።»

«ሲያይሽስ ምን ይመጣል?»

«እኔ ነኛ የምመጣው።»

«ነገ ስጪው» አለቻት እህቷ። «ሰውየው እሳት ላይ የሚሠራ ሰው ነው። ስሚኝ፣ ነገውኑ ስጪው።»

እሺ አለች። አልሰጠችውም።

ቀጥሎ ሲመጣ ዳቦውን የያዘው በግራ እጁ ነበር። ቀኝ ክንዱ ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል። «የምድጃው በር ክፍት መስሎኝ እጄን ሰደድኩ፤ ለካ ዝግ ነው። እስከዛሬ በልምድ ነበር የምሠራው» አለ፤ እንደ ቀልድ ሊያደርገው ሞከረ።

ምላጬ መሳቢያውን ከፈተች። «ደርሷል» አለች።

አስቀምጣ አጠለቀችለት፤ ዘንጎቹን ከጆሮው ጀርባ አስተካከለች። አዲስ ሌንስ ያደረገ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ግንባሩን ይቋጥራል፤ ወለሉ ይዘምምበታል፣ ግድግዳው ይቀርበዋል። «ዓይንዎ እስኪለምደው ነው» ብላ ስንቱን አጽናንታለች። አሁን የተቋጠረው ግንባር ፊት የቆመችው ራሷ ናት፤ የተቋጠረው በሌንሱ ይሁን በእሷ የምታውቅበት መላ የላትም። ቆማ ጠበቀች።

ቀስ እያለ ግንባሩ ተፈታ። ሽበቷን አየ፣ አፏ ዳር ያለችውን መስመር አየ፤ ከዚያ ፈገግታ ዓይኑ ዙሪያ መጣና «እንዲህ ነሻ» አላት። ያለው በደግ ነው። ማንም ቢሰማው በደግ እንዳለው ያውቃል።

መጋረጃው ተገለጠ። ሌንስ ቆራጩ ሽማግሌ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ብቅ አሉ። «ዳቦ ጋጋሪው አንተ ነህ እንዴ? የት ጠፍተህ ነው፣ ልጄ? ሌንስህን ጨርሼ ከሰጠኋት'ኮ ሰነበተ። መሳቢያ ውስጥ አቧራ ሲጠጣ ነው የከረመው።»

ሰውየው ክንዱ ላይ ያለውን ፋሻ አየ። ከዚያ እሷን አየ። «ለምን?» አላት።

ቁጣ አልነበረበትም። መልስ የሚጠብቅ ሰው ጥያቄ ነበር። መልሱም አጭር ነው፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ሽማግሌው ቆመው ይሰማሉ፤ ሰውየው በአዲሱ ሌንስ እያንዳንዷን የፊቷን ቀዳዳ እያየ ይጠብቃል። ትከሻዋ ወደቀ፤ ምላሷ ግን ለብቻው ተነሣ።

«ሌላ መነጽር ቤት ጠፍቶብህ ነው? ማን እዚህ ተመላለስ አለህ?»

ቃሉ ከወጣ በኋላ ልትይዘው እጇን ዘርግታ ነበር፤ እጇ አየር ላይ ቀረ።

«እውነትሽን ነው። ማንም አላለኝም» አለና ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። በሩን ሳይሳሳት አገኘው።

«ምን አጠፋሁ?» አሉ ሽማግሌው።

«ምንም፣ ጋሼ። እርስዎ የሆነውን ነው የተናገሩት።»

እሁድ ጠዋት እህቷ እጇን ይዛ ዳቦ ቤቱ ድረስ ወሰደቻትና ራሷ ውጭ ቀረች። ምላጬ ተሰለፈች። መንገድ ላይ የተለማመደችውን በልቧ እየደገመች ተራዋ ደረሰ። ከባንኮኒው ኋላ ቆሟል፤ መነጽሩ አፍንጫው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ ሥራዋ ነውና ይህንንም አየች።

«ስንት ልስጥሽ?»

«ለዳቦ አይደለም የመጣሁት። ለምን ብለኸኝ ነበር። እንዳታየኝ ብዬ ነው። አይተኸኝ እንዳትሄድ።»

ከኋላዋ የተሰለፉት ሰዎች ወሬያቸውን አቆሙ። እሱ ዱቄቱን ከእጁ ላይ በቀስታ አራገፈ።

«ያን ዕለት ይህን ብትነግሪኝ እስቅ ነበር። ክንዴንም እረሳው ነበር» አለ። «አይቼሽ'ኮ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን ባየሁሽ ቁጥር ዛሬስ ምን ደብቃኝ ይሆን ማለቴ አይቀርም። አንዴ ኖሬዋለሁ፤ አቅም የለኝም።»

«ሁለተኛ አልደብቅህም።»

«እሷም እንዲሁ ትለኝ ነበር።»

በክፉ አላለውም፤ የጎዳትም ይኸው ነው። ክፉ ቃል ቢሆን መመለሻውን ታውቅበታለች።

«እመቤት፣ የእናንተ ካለቀ እኛ ዳቦ እንፈልጋለን» አለ ከኋላዋ አንዱ። ሰልፉ ሳቀ። ምላጬ ዞር ብላ አፏን ከፈተች። ምንም አልመጣላትም። «ሁለት ስጠኝ» አለች ወደ ባንኮኒው ተመልሳ። ጠቅልሎ ሰጣት፤ ዓይኑም ከእሷ አልፎ ወደ ቀጣዩ ሰው ሄደ።

እህቷ በር ላይ ተቀበለቻት። «እሺ፣ ምን አለሽ?»

«ዳቦ ሸጠልኝ።»

እህቷ ቀልድ መስሏት ልትስቅ ቀና አለች፤ ፊቷን አየችና ተወችው።