የአባቷ ትንፋሽ

ልብስ ሰፊዋን ደንበኞቿ «ማስመሪያ» ይሏታል፤ ስፌቷ ዝንፍ አይልማ። ዘንድሮ ግን የአንድ ሙሽራ ሱሪ ሁለት ጊዜ ተመለሰባት። እግሯ ሳታዘው የስፌት መኪናውን ፔዳል ይረግጣል። ይባስ ብሎ ያቺ ዝንብ የማትነካ ሴት ባለፈው ሳምንት ደንበኛ ላይ መቀስ ወረወረች።

አብራት የምትኖረው እናቷ ግን ሐኪም አላስፈለጋትም። «መጠጥ ጀምረሻል። ቁርጥ አባትሽን!» አለቻት።

ሰፊዋ ግን ሐኪም ቤት ሄደች። ሐኪሙ ሁለት ጣቶቹን አስጨበጣትና «አጥብቀው ይያዙ፤ እንዳይለቁ» አላት። እጇ ይጨብጣል፣ ይላላል፣ ደግሞ ይጨብጣል፤ ላም የምታልብ ይመስል።

«ከቤተሰብ እንዲህ የሚያደርገው ሰው ነበር?»

«የለም። አባቴ ሲሄድ ይንገዳገድ ነበር፤ እሱ ግን ሰካራም ስለነበረ ነው።»

«ምን ይጠጡ ነበር?»

አባቷ ፖስታ አዳይ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች፣ ከሥራ ሲመለስ እናቷ በር ላይ ታቆማትና «አፉን አሽቺው» ትላት ነበር። አባትየው ጎንበስ ብሎ እፍ ይልላታል። የሚሸታት የፖስታ ሙጫ ብቻ ነበር። የእናቷን ዓይን አይታ ግን «ይሸታል» ትላለች፤ እንዲያ ስትል ጎበዝ ትባላለቻ! በእሷ ምስክርነት አባቷ እየማለ እየተገዘተ ከቤት ተባረረ፤ በኪራይ ክፍል ብቻውን ሞተ።

«ጠጥቶ አያውቅም» አለች፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ። ኀፍረት ፊቷን አቃጠላት።

የደም ምርመራው ውጤት በወሩ መጣ። አንጎልን ቀስ በቀስ የሚበላ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድ፣ ፈውስ ያልተገኘለት በሽታ ነው።

«ልጅ አለዎት?» አላት ሐኪሙ።

«አንዲት።»

«እሷም የመውረስ ዕድሏ ግማሽ በግማሽ ነው።»

ቤት ስትደርስ የበሩ ደፍ ላይ ተንገዳገደች። እናቷ ይህን አይታ የልጅ ልጇን ተጣራች። «ነይ፣ የእናትሽን አፍ አሽቺ!»

ልጅቷ ተንጠራርታ አሸተተች። «ምንም አይሸትም፣ አያቴ።»

«በደንብ አሽቺ!»

«ምንም አይሸትም አልኩሽ!»

ሰፊዋ እንባዋ መጣ። ይህችን ቃል ያኔ እሷ ብትላት ኖሮ!

«እማዬ፣ አባዬም አንድም ቀን ሸትቶኝ አያውቅም። ዋሽቼሽ ነው።»

አሮጊቷ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። «ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

«ታሞ። እኔም የያዘኝ የእሱ በሽታ ነው።»

ልጅቷ የእናቷን እጅ ያዘች። «ምን በሽታ ነው?» ብላ ጠየቀች። እናቷ ያቺን ትንሽ እጅ ጨብጣ ላለመልቀቅ ትታገላለች። እጇ ግን ይጨብጣል፣ ይላላል፣ ደግሞ ይጨብጣል።