የማይተኛው መለኪያ

ሰዓት ሠሪው ሚስቱን ያስቀየማት በድልድዩ መካከል ነው። የአሮጌው ሞተር ብስክሌት መብራት ሲደበዝዝ አይታ፣ ከኋላው እንደተቀመጠች "ምን ሆነ?" ብትለው "ምንም አልሆነም" አላት። ቃሉ ከአፉ ሳይርቅ ሞተሩ ሳል ሳል አለና ቀጥ ብሎ ቆመ። ባትሪው ደክሞ ኖሯል። እርሱ መሪውን ይዞ ተቀመጠ፤ እርሷ ባለ ተረከዝ ጫማዋን እንደተጫማች ከኋላ ትገፋ ጀመር። በዚህ መካከል አንድ ጋሪ ገፊ፣ "እናቴ፣ የሚገፉት የትኛውን ሽማግሌ ነው? የተቀመጠውን ወይስ የተቀመጠበትን?" ብሎ ድልድዩን በሣቅ ሞላው። ከዚያ ቀን ወዲህ እርሷ በአውቶቡስ፣ እርሱ በሞተሩ ሆነ።

ጠብ ሲባል ሰው ጩኸት ብቻ ይመስለዋል። የእነርሱ ጠብ ግን ጨዋ ነበር፤ ምሳው በሰዓቱ ይቀርባል፣ ሸሚዙ ይተኮሳል፣ ቀልዱም አልተቋረጠም። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከተጋቡ ጀምሮ ወገቡን ይዛ ከኋላው ስትቀመጥ የኖረች ሴት ከኮርቻው ስትወርድ፣ ሞተሩን ቀለለው እንጂ ሰውየውን መንገዱ ከበደው።

"ጣውንቴ ዛሬስ እንዴት አደረች?" ትለዋለች ጠዋት ጠዋት። ጣውንቴ የምትለው ሞተሩን ነው። "ጠጣች? ተወለወለች? እኔን እንኳ እንዲህ አሽተኸኝ አታውቅም!"

ሰዓት ሠሪው ነገሩን ሲያወጣ ሲያወርድ ሰንብቶ አንድ መላ አገኘ። ባትሪ እንደ ሰው ነው፤ በአንድ ጊዜ አይወድቅም፣ ቀስ እያለ ይደክማል እንጂ። የሚያስቸግረው ድካሙን የሚናገርለት መጥፋቱ ነው። ስለዚህ ከመለዋወጫ ሱቅ ኤሌክትሮኒክ የቮልት መለኪያ ገዝቶ መጣ። መጠኑ የእጅ ሰዓት ያህላል፤ ቁጥሩን በቀይ ብርሃን ያሳያል።

"ይኸውልሽ" አላት። "ሞተሩ ሲሠራ ከአሥራ ሦስት በላይ ካሳየ ጤነኛ ነው። ወደ አሥራ ሁለት ከወረደ ደክሟል ማለት ነው። ከእንግዲህ ሳያስጠነቅቅ አይቆምም።"

"ወይ ጉድ! ጣውንቴ አፍ አወጣች በለኛ!"

"እኅትሽ አዲሱን ቤቷን እንድናይ ጠርታን የለ? በዚሁ እንሄዳለን። ባያደርሰን ቁልፉን ለወንድምሽ እሰጠዋለሁ፤ ፈታቶ ይሽጠው።"

"ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው" አለች ጣቷን ቀስራ። "ሰምቼሃለሁ።"

ወንድሟ በሰፈሩ የታወቀ የሞተር መካኒክ ነው። በዚያ አሮጌ ሞተር ዕቃዎች ላይ ዐይኑን ከጣለ ቆይቷል።

"ጋሼ፣ እኔ ልግጠምልህ" ቢለው፣

"አንተ? ብሎን በመዶሻ የምትፈታው?" ብሎ መለሰው።

በግቢው ቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ የሰዓት ማጉያ መነጽሩን በአንድ ዐይኑ ወትፎ ሠራው። ሽቦዎቹን በቤንዚን ጋኑ ሥር አሳልፎ ከዐይን ሰወራቸው። ጥቁሩን ሽቦ ከባትሪው ኔጌቲቭ አሰረ። ቀዩን ግን ወዴት ይውሰደው? መካኒክ ቢሆን ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል ከሚያገኘው መስመር ያጋባው ነበር። እርሱ ግን ሰዓት ሠሪ ነው። በሱቁ ግድግዳ ላይ ያሉት ሰዓቶች ሁሉ ሰው አያቸውም አላያቸውም ይሠራሉ፤ አንዱ የቆመ እንደሆነ የሱቁ ነውር ነው። ባለቤቱ ሲያየው ብቻ የሚሠራ መለኪያ ለእርሱ አለቃው ሲመጣ ብድግ የሚል ሰነፍ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ቀዩን ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው ፖዘቲቭ አገናኘው። ቁልፉን ቢነቅልም ቁጥሩ ቦግ እንዳለ ቀረ። ሰዓት ሠሪውም "ይኼ ነው ሥራ!" አለ ለራሱ።

ወዲያው ብርቱ ጉንፋን ጣለው። ሞተሩ በሸራ ተሸፍኖ ሳይነሣ ሰነበተ፤ መለኪያው ግን በሸራው ውስጥ ቀንም ሌሊትም ሥራውን አላቋረጠም።

የጥሪው ቀን ጠዋት ሚስቱ አምራ ወጣች፤ ሻርፗን አስራለች፣ ለእኅቷ የምትወስደውን ስጦታ በቅርጫት ይዛለች። ወንድሟም ሊሸኛቸው ይሁን ሊረከብ ባይታወቅም በር ላይ ቆሟል። ሰዓት ሠሪው ሸራውን ገለጠ። ቁጥር የለም። ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩ ጭጭ አለ።

"ምን ሆነ?" አለች ሚስቱ።

ሰዓት ሠሪው "ምን..." ብሎ ጀመረና ዋጠው። "ሞቷል" አላት። "ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ሞቷል።"

ወንድሟ ቁጢጥ ብሎ ሽቦውን በጣቱ ተከተለ፤ ወዲያው ሣቁ አፈነው። "ጋሼ! በቀጥታ ከባትሪው ነው እንዴ ያጋባኸው? ሰው ሁሉ ሲተኛ ይኼ እያበራ ጠጥቶ ጨረሰው! ጠባቂው በጉን በላው እኮ!"

"መለኪያ ይተኛል እንዴ?"

"ይኼኛው መተኛት አለበት ጋሼ።"

ሰዓት ሠሪው ጎንበስ ብሎ ሽቦውን አየ። ከዚያ ቁልፉን ነቅሎ ዘረጋለት። "በገዛ እጄ ነው። ባትሪው ደህና ነበር፤ የገደልኩት እኔ ነኝ። ቃል ቃል ነው፤ ውሰደው።"

ወንድምየው እጁን ሲዘረጋ ሚስት ቸብ አደረገችው። "እጅህን ሰብስብ!"

"እትዬ፣ ቃሉ እኮ..."

"ቃሉን የሰጠው ለእኔ ነው፤ አንተ ምን ቤት ነህ?" ወደ ባሏ ዞረች። "ያን ቀን መግፋቱ ያስቀየመኝ መሰለህ? ዐይኔ እያየ 'ምንም አልሆነም' ማለትህ ነው። ዛሬ ሞቷል አልከኝ፤ ይበቃኛል።" ከዚያም ወንድሟን "በል ሽቦውን ወደሚገባበት አዛውረው" አለችው። "በግፊያ ይነሣል?"

"ትንሽ ነፍስ ካለው ይነሣል።"

ወንድሟ ሽቦውን አዛውሮ ሲጨርስ ጫማዋን አውልቃ ቅርጫቱ ውስጥ ከተተችና ባሏ የተቀመጠበትን ሞተር ከወንድሟ ጋር ቁልቁለቱን ገፋች። ሞተሩ አንገራገረ፣ አስነጠሰ፣ ተነሣ። ሮጣ ደርሳ ከኋላው ዘላ ተቀመጠች።

ሰዓት ሠሪው ያለ ማንበቢያ መነጽሩ ቁጥሩን ማንበብ እንደማይችል ያወቀው ገና ዋናው መንገድ ላይ ሲወጣ ነው። እርሷ ግን አገጯን በትከሻው ላይ አሳርፋ ታነብለት ጀመር።

"አሥራ ሁለት ከምናምን!"

"ምናምን ስንት ነው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ ይርገበገባል! መብራቱን አጥፋ፤ በጠራራ ፀሐይ ማንን ልታይበት ነው? ጋዝ ስጥ እንጂ ሰውዬ! አሥራ ሦስት! በርታ! አሥራ አራት ሊሞላ ነው!"

እኅቷ ከአዲሱ ቤቷ ሰገነት ላይ ሆና እጇን ስታወዛውዝ ከሩቅ ታየች። ሰዓት ሠሪው ፍሬን ያዝ አደረገ።

"እንዳታቆም!" አለችው ጆሮው ሥር።

"ደረስን እኮ።"

"ገና አልሞላም።"

"አሥራ አራት አልሽኝ አይደል?"

"ባትሪ እንዲህ በአንዴ ይሞላል? ዝም ብለህ ንዳ፤ በኩሬው በኩል ዞረን እንመለሳለን።"

እኅቷ እጇን ሽቅብ እንደያዘች ቀረች፤ እነርሱ በበሯ ሥር ሽው ብለው አለፉ።