የጉያቱ መክሳት

በዚህ ነገር አንጀቴ አሮ አልቋል፤ ብቆጣ እንዳትታዘቡኝ።

ጉያቱ ጎረቤቴ ናት፣ አጥር ለአጥር። እኔ እዚሁ ነገሌ፣ ከገበያው በላይ ልብስ እሰፋለሁ፤ ባሏ ጋሽ ጂሎ ከብት ይነግዳሉ። ውፍረቷን እንዴት ልንገራችሁ? ልለካት ስል እጆቼ ወገቧን ዞረው አይገናኙም። «ሸዋርካብሽ፣ ቀሚስ ነው ወይስ ድንኳን የምትሰፊልኝ?» ብላ ራሷ ትስቃለች። ስትስቅ ግን ትንፋሽ ያጥራታል። ዘንድሮማ ከጓሮ እስከ በር ለመምጣት መሃል ላይ ቁጭ ብላ ማረፍ ጀመረች። ጋደም ስትል ደግሞ ደረቷ ላይ ሰው የተቀመጠባት ይመስላታል።

እየጎተትኩ ክሊኒክ ወሰድኳት። በድርቁ ጊዜ ከእርዳታ ድርጅት ጋር የመጣ ፈረንጅ ዶክተር ነበር። ደረቷን አዳመጠ፣ ግፊቷን ለካ፣ ፊቱ ጠቆረ። ልቧ ደክሟል አለን በአስተርጓሚ፤ ውፍረቱ ካልቀነሰ አንድ ቀን ቀጥ ሊል ይችላል። ቅቤና ጮማ ትታ፣ በየማለዳው ላብ እስኪያጠምቃት ሳታቋርጥ ፈጠን ፈጠን ብላ ትራመድ። ለልብ ይረዳል ብሎ አንድ ጠርሙስ ሙሉ ቢጫ የዘይት ክኒን ጨመረላት፤ «ዋናው ግን እግርሽ ነው» አላት። ስንወጣ ጉያቱ ክንዴን ጨምድዳ ያዘች።

«መሞት አልፈልግም ሸዋዬ። አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በወደራ መንገድ ወጣን። ወይ ጉድ! እናንተ ቦረና አገር ሳትቆሙ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ገና ከአጥራችን ሳንርቅ አንድ ሽማግሌ ፊታችን ቆሙ። «አካም ቡልቴ? ናጋ? ኢጆሌን ናጋ? ሎን ናጋ?» የልጁ፣ የከብቱ፣ የዝናቡ ሰላም ተጠይቆ እስኪያልቅ የጉያቱ ላብ ደረቀ። እሳቸው ሲለቁን ሌላ መጣ። ሰላም ሳይሉ ማለፍ ደግሞ ጠብ መፈለግ ነው።

«ሳታቋርጪ ነው የተባልሽው!» ብዬ ጎተትኳት።

«ዶክተሩ አገር ሰው የለም እንዴ?» አለችኝ።

እሷ እቴ፣ አልተወችም! ሰው የማይበዛበትን ከግራሩ መሃል የሚገባውን መንገድ ያዝን። መጀመሪያ ትንሽ ሄዳ ዛፍ ትደገፍ ነበር። እያደር ግን እኔን ጥላኝ መሄድ ጀመረች፤ እኔ ከኋላ አለከልካለሁ፣ እሷ ዘወር ብላ ትስቅብኛለች። ቤቷም ቅቤ የሌለው ጎመን ትበላለች። ቀሚሷን በጎንና በጎን አጠበብኩላት። አንድ ቀን ከጓሮ እስከ በር አንዴም ሳትቀመጥ ስትመጣ አይቼ፣ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ክኒኑ ብዙም አልቆየ። ጋሽ ጂሎ ጠርሙሱን ሲያገላብጡ የዓሣ ሥዕል አዩበት። ቦረና ዓሣ አይበላም፤ ከእባብ ለይቶ አያየውም። «ለሚስቴ ይሄን?» ብለው ጉድጓድ ውስጥ ጣሉት። እኔም ይጣሉት፣ እግሯ ይበቃታል አልኩ በልቤ።

መዓቱ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ድርቁ ካለፈ ገና ዓመቱ ነው። አገሩ ሁሉ ሥጋ መልበስ በጀመረበት ጊዜ ጉያቱ ትከሳለች! እዚህ አገር ሴት ስትከሳ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ባሏ ማብላት አቅቶት ቤቷ ወድቋል ማለት ነው። ሐሜት ብቻ ቢሆን ኖሮ አልቸገርም ነበር፣ ለሐሜተኛ አፍ አላጣም። መውደድ ግን በምን ይመለሳል? ማዶ ያለችው ሀላኬ፣ በድርቁ ከብቷ አልቆ አንዲት ላም የቀረቻት፣ የልጆቿን ወተት በጮጮ ሞልታ መጣች። «ጠጪልኝ፣ አንቺ ስትከሺ እኔ እንቅልፍ የለኝም» አለቻት። እስቲ ማን ነው ያንን ወተት አልጠጣም የሚል? ጠጣች። በማግስቱ ሌላዋ ቅቤ ይዛ መጣች፣ ከዚያ ሌላዋ። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው የሚለውን ተረት ያወጣው ሰውዬ መጥቶ ባየልኝ!

ጋሽ ጂሎን ሄጄ ለመንኳቸው። «ጋሼ፣ እባክዎ ለጎረቤቱ ይንገሩ፤ እየዳነች እኮ ነው!»

«ልጄ» አሉኝ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ከብት አይቻለሁ። በድርቁ የሞተው የከሳው ነው። የወፈረ ሲሞት አላየሁም።»

ዶክተሩ ይንገርዎት ብዬ ወደ ክሊኒኩ ሮጥኩ። ድርቁ አልፏል ተብሎ ድርጅቱ ዕቃውን ጠቅልሎ ሄዷል። ዶክተሩም አብሮ ሄዷል።

ጉያቱ መራመዷን ተወች። «ባሌ ሰው ፊት አንገቱን ደፋ» አለችኝ። ጎኗ ሞላ፤ ያጠበብኩትን ቀሚስ ፈታሁት። ትንፋሿም እንደ ድሮው ሆነ፣ እንዲያውም ባሰ። ጋሽ ጂሎ ግን ፊታቸው በራ። ሚስቴ ተመለሰችልኝ ብለው በግ አረዱ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ጠሩ።

ሽማግሌው ኦቦ ዲባ ተነስተው መረቁ። ሰላሙን፣ ዝናቡን፣ ጥጋቡን ጠሩላት፤ ሰው ሁሉ አሜን አለ። ጋሽ ጂሎ ከበጉ ላት ትልቁን ቆርጠው በገዛ እጃቸው አቀረቡላት። ጉያቱ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ትንፋሿ እኔ የተቀመጥኩበት ድረስ ይሰማል።

«ተዉ! ትገድሏታላችሁ!» ብዬ ብድግ አልኩ።

ምነው አንድ ሰው እንኳ በተቆጣኝ! ማንም አልተቆጣም። «ስለምትወዳት ነው» አሉ ኦቦ ዲባ። ሀላኬ ቀሚሴን ይዛ ቀስ ብላ አስቀመጠችኝ። ጋሽ ጂሎ እንባ ባቀረረ ዓይናቸው አዩኝ። «ልጄ፣ እኔ ጉያቱን የምገድል ሰው ነኝ?» አሉ። አይደሉም እኮ! እሱ ነው ያቃጠለኝ።

ጉያቱ ወደ እኔ ዘንበል አለች።

«ተይ ሸዋዬ» አለች በሹክሹክታ። «እነዚህን ሁሉ አሳፍሬ ከማን ጋር ልኖር ነው?»

ከላቱ በላች። ሰዉ እልል አለ። ቀጥላ ለእኔ ጠቅልላ እጇን ዘረጋች፤ ቅባቱ ባበጡ ጣቶቿ መሃል ይወርዳል። ሁሉም እያዩኝ ነው። እምቢ ልል ነበር። ዓይኗን አየሁና አፌን ከፈትኩላት።